መሰላልና ታንከር

(የሞገድ ድምፅ። ከርቀት እየቀረበ የሚመጣ የጀልባ ሞተር።)

ተራኪ፦ በነዳጅ የተሞላ ታንከር ውሃ ውስጥ ጠልቆ ነው የሚሄደው። ወለሉ ለባሕሩ ይቀርባል፤ ፍጥነቱም ዝግ ያለ ነው። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አንድ ሁለት ፈጣን ጀልባ፣ ጥቂት ክላሽ፣ አርፒጂ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው መሰላል ካላቸው ሌላው ድፍረት ነው።

የሳዑዲዋ ታንከር ሲሪየስ ስታር የተያዘችው በኖቬምበር 2008 ከሞምባሳ 450 ኖቲካል ማይል ያህል ርቃ ስትጓዝ ነው። (በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቷ 330 ሜትር ገደማ ሲሆን 2 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ነበር፤ 25 መርከበኞችም ነበሯት። ጭነቱ ብቻ 100 ሚሊዮን ዶላር ያወጣ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ሚሊዮኖች ዶላር በፓራሹት ተጣለላቸውና ለቀቋት። ድርሻቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲከንፉ ግን አንዷ ጀልባ ተገልብጣ አምስት ወንበዴዎች ሰጠሙ። የአንደኛው አስከሬን በፕላስቲክ ከተቋጠረ 153 ሺህ ዶላር ጋር ዳር ላይ መገኘቱን አጎቱ ለአሶሼትድ ፕሬስ ተናግሯል።

(ሙዚቃ፤ ለአጭር ጊዜ።)

ተራኪ፦ ውንብድናው እንደማንኛውም ንግድ ባለገንዘብ፣ ተቀጣሪና የሂሳብ ደብተር ነበረው። የዓለም ባንክ ከተባበሩት መንግሥታትና ከኢንተርፖል ጋር ሆኖ በ2013 ያወጣው ጥናት ደብተሩን ገልጦ ያሳያል። ከ2005 እስከ 2012 ድረስ 179 መርከቦች ታግተዋል፤ ለማስለቀቂያ የተከፈለው ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ይገመታል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ከ30 እስከ 75 በመቶው ወጪውን ለሸፈነው ሰው ይገባ ነበር። ነፍሱን አሲይዞ ባሕር የወጣው ወጣት የሚደርሰው ከ30 ሺህ እስከ 75 ሺህ ዶላር ነበር። የራሱን መሣሪያ ወይም መሰላል ይዞ ከመጣ፣ አለዚያም ቀድሞ መርከቡ ላይ ከወጣ፣ እስከ 10 ሺህ ዶላር ጉርሻ ነበረው። ከዚያ ላይ በዱቤ የበላው ምግብና በዱቤ የቃመው ጫት ይቀነስበት ነበር። የጫት ዱቤ እንዴት እንደሚቆለል ለኢትዮጵያ አድማጭ ማስረዳት አያሻም።

የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1991 ከወደቀ ወዲህ ጠባቂ ያጣውን የሶማሊያ ባሕር የውጭ አሣ አጥማጅ መርከቦች ዘርፈውታል። ወንበዴዎቹ “እኛ የባሕር ዘብ ነን” ሲሉ መነሻቸው ይህ ነው፤ ብሶቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ በኤፕሪል 2009 የተጠቃችው የአሜሪካዋ መርከብ ሜርስክ አላባማ ለምሥራቅ አፍሪካ ችግረኞች የሚሄድ የእርዳታ እህል ጭና ነበር። ለሶማሊያ ረሃብተኞች እህል የሚያመላልሱ መርከቦችም በጦር መርከብ እስከ መታጀብ ደርሰዋል። የወገኑን እህል የሚያግት ዘብ የለም።

የዓለም ባንክ ጥናት ውንብድናው በዓለም ኢኮኖሚ ላይ በዓመት 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ ማድረሱን ይገምታል። ማስለቀቂያው ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው። መድን ሰጪው የአደጋ ቀጣና ብሎ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ካፒቴኑ ቶሎ ለማለፍ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ባለንብረቱ የታጠቁ ጠባቂዎች ይቀጥራል፣ የመርከቡን ጠርዝ በእሾሃማ ሽቦ ያጥራል። ከቻይና ወይም ከህንድ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚገባ ዕቃ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ሳያቋርጥ አይደርስም። ከገቢና ወጪ ንግዷ ከ90 በመቶ በላዩን በዚያ ወደብ የምታስተናግደው ኢትዮጵያ ጭማሪውን የምትከፍለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ገበሬው በማዳበሪያው፣ የከተማ ሰው በዘይቱ ጀሪካን ላይ ያገኘዋል።

(ጸጥታ። የብረት መንኳኳት።)

ተራኪ፦ ባለንብረቱ ጥሎት የሚሄድ መርከበኛስ? ናሃም 3 የተባለችው የአሣ ማጥመጃ መርከብ በማርች 2012 ስትያዝ 29 ሰዎች ነበሩባት። አንዱ ያኔውኑ ተገደለ፤ ሁለቱ በሕመም ሞቱ። መርከቧ ሰጠመች፤ የቀሩት 26ቱ ወደ የብስ ተወሰዱ። የተፈቱት በኦክቶበር 2016 ነው። ከመካከላቸው አንዱ አይጥ እየበሉ እንደቆዩ ለቢቢሲ ተናግሯል።

ከወንበዴዎቹ አለቆች ለፍርድ የቀረቡት ጥቂት ናቸው። አፍወይኔ በሚል ቅጽል ስሙ የሚታወቀው ሞሐመድ አብዲ ሐሰን በኦክቶበር 2013 የተያዘው ብራስልስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። የቤልጂየም መርማሪዎች ስለ ባሕር ውንብድና በሚሠራ ፊልም አማካሪ ትሆናለህ ብለው አታለው አስመጡት። ለእኛ ለዘጋቢዎች ደስ የሚል ዘዴ አይደለም፤ ግን ሠርቷል። በ2016 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

የአውሮፓ ኅብረት፣ የኔቶና የሌሎች አገሮች የጦር መርከቦች ቅኝትና የታጠቁት ጠባቂዎች ተደማምረው ጥቃቱን ከ2012 በኋላ አደከሙት። የብሱ ላይ ያለው ድህነትና የመንግሥት አቅም ማነስ ግን በጦር መርከብ አይታሰርም። የመርከብ ኩባንያዎች ማኅበራት በጃንዋሪ 2023 የህንድ ውቅያኖስን ከአደገኛ ቀጣናነት ሰረዙት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን መምታት ጀመሩ፤ የጦር መርከቦቹም ዓይን ወደዚያ ዞረ። በዲሴምበር ሩኤን የተባለች የጭነት መርከብ ታገተች። የህንድ ኮማንዶዎች 17 መርከበኞቿን ያስለቀቁት በማርች 2024 ሲሆን 35 ወንበዴዎች እጃቸውን ሰጥተዋል። በዚያው ወር ግን 23 የባንግላዴሽ መርከበኞችን ከነድንጋይ ከሰላቸው የያዘችው አብዱላህ የተባለች መርከብ ተወስዳ ነበር። ኮማንዶ አልደረሰላትም፤ ከአንድ ወር በኋላ ተለቀቀች። ወንበዴዎቹም 5 ሚሊዮን ዶላር መቀበላቸውን ለሮይተርስ ተናገሩ።