ለዘፋኙ ግንባር ዶላር፣ ለሰዓሊው ጭብጨባ

መስከረም ሲጠባ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሁለት ዘመን መለወጫ ይገጣጠማል። አንደኛው የኛው እንቁጣጣሽ ነው፤ ፌርፋክስ ላይ ድንኳን ይተከላል፣ ቡና ይፈላል፣ ድምፅ ማጉያው እስኪሰነጠቅ ይዘፈናል። ሁለተኛው የጋለሪዎቹ ነው። እዚህ አገር የሥዕል ቤቶች የበጋውን ሙቀት ቀዝቀዝ ብለው ያሳልፉና የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር እንደገባ አዲሱን ወቅት ይከፍታሉ። ነጭ ግድግዳ፣ በፕላስቲክ ብርጭቆ ወይን፣ ጥግ ላይ ደግሞ የቀጥታ ሙዚቃ። ሁለቱ በዓላት በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ከተማ ይውላሉ፤ ግን አይተዋወቁም።

እኔ የምኖረው ኖርዝ ሆሊውድ ነው፤ ከተራራው ማዶ፣ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ውስጥ። የላንከርሺምና የማግኖሊያ መንገዶች የሚገናኙበት ሠፈር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ የጥበብ ሠፈር ተብሎ ይጠራል። ትናንሽ ቲያትር ቤቶች ተደርድረውበታል፤ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ በ2000 እዚህ ደርሷል። «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም የከተማው ምክር ቤት በ2002 ካጸደቀላት ፌርፋክስ ለመድረስ ግን በመኪና መሄድ አለብኝ፤ የማታው ትራፊክ ከያዘኝ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሥዕል ከደጄ፣ ወገን ከተራራው ማዶ ሆኖብኝ ይኖራል።

በቅርቡ ወደ አንድ ትንሽ ጋለሪ የመክፈቻ ምሽት ሄድኩ። የብዙ ሰዎች የጋራ ትርዒት ነው፤ ከመሃላቸው አንዱ የኛ ሰው። ቀን ቀን መኪና ይነዳል፣ ሌሊት ጋራዥ ውስጥ ይሥላል። በሩ አጠገብ ሦስት ወጣቶች ጃዝ ይጫወታሉ፤ ማንም አይሰማቸውም፣ እነሱም ማንንም አይረብሹም። ቆይቶ ሰዓሊው የጋበዘው ክራር ተጫዋች ተነሣና ቁጭ አለ። አንድ ሁለቴ ክሩን ቃኘ፣ ከዚያ ትዝታ ገባ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የመጣነው አበሾች፣ ሃያ ብንሆን ነው፣ ተጠጋግተን ከበብነው። ደስ ይላል አይደል? ችግሩ ሁላችንም ለሥዕሉ ጀርባችንን ሰጥተን ቆመን ነበር!

አንድ ሰው ብቻ አልዞሩም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው፤ ጥቁርና አመድማ ሆኖ ከሥሩ ቀይ ፍም ብልጭ የሚልበት ሸራ ፊት ቆመዋል። ተጠግቼ «ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የናቴ ማድ ቤት ነው። ጭሱን ታየዋለህ?» አሉኝ። ቀጥለው ዋጋውን ጠየቁ። 1,800 ዶላር። «ውይ!» አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው ሳቁ፦ «ባለፈው ሰርግ ላይ እኮ ከዚህ የማይተናነስ ለዘፋኙ ለጥፌያለሁ፤ ማን ቆጠረው!»

ሥዕሉን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ሄዱ።

እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም። በኛ ባህል ሙዚቃ የሚከፈልበት መንገድ የታወቀ ነው። አዝማሪው ያወድስሃል፣ አንተ ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ፣ ሰው ያይሃል፣ እልልታው ይቀልጣል። ለሥዕል እንዲህ ያለ ወግ አላበጀንም። ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለት ይሰጣል፣ ግድግዳውን ያሣለው ሰው ሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል፤ ጥንትም የነበረ ነው። ለሳሎን ሥዕል ግን እልልታ የለውም። ሳሎናችን ውስጥ ያለው በፋብሪካ የታተመ የላሊበላ ፎቶና የዱባይ ምንጣፍ ነው።

የሚገርመው ዓለም ሰዓሊዎቻችንን ማየቱ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በ2019 መጨረሻ የሃያ ዓመት ገደማ ሥራዋን የሚያሳይ ትልቅ ትርዒት የከፈተችው በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ የት ነው? ዊልሸርና ፌርፋክስ ጥግ! ክትፎ ከምንበላበት ተነሥቶ፣ ከፌርፋክስ ሳይወጡ ወደ ሰሜን በእግር የሚደረስበት ቦታ። በ2023 አንዱ ሥራዋ ኒውዮርክ ላይ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ ዜናውን በየስልካችን ተቀባበልነው። ሥራዋን ፊት ለፊት ቆሞ ያየውን ሰው ሬስቶራንት ውስጥ ስጠይቅ ግን እጅ የሚያወጣ አጣለሁ።

ሙዚቃና ሥዕል አንድ ላይ አይሄዱም የሚል ሰው ካለም እሷኑ ልጥቀስ። ለሳን ፍራንሲስኮው ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሁለቱን ግዙፍ ሸራዎች የሠራችው ሃርለም በሚገኝ አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ጃዝ ፒያኒስቱ ጄሰን ሞራን እዚያው እየተጫወተና እየደረሰ። 2009ም አለ። በዚያ ዓመት መግቢያ ሙላቱ አስታጥቄ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ካለው ለክማን አዳራሽ፣ ከከተማው ሙዚቀኞች ጋር ተጫወተ። በዚያው ሰሞን የኤልያስ ስሜ ሥራዎች በመስከረም አሰግድና በፒተር ሴላርስ አዘጋጅነት ሳንታ ሞኒካ ታዩ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ የከተማው ፊልሃርሞኒክ የስትራቪንስኪን ኦዲፐስ ሬክስ ሲያቀርብ ኤልያስ የሠራቸው ዙፋኖች መድረኩ ላይ ነበሩ። የኛ ቅርጽ፣ በዲዝኒ ኮንሰርት አዳራሽ፣ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር! ይህን ሁሉ ያሰናዳው ሌላ ሰው ነው። እኛ ፌርፋክስ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር።

አገር ቤት ግን ይህን ነገር በደንብ የሚያውቅ ቤት ነበር። ካዛንቺስ የነበረው የመላኩ በላይ ፈንድቃ መነሻው አዝማሪ ቤት ነው። ጭፈራው ሳይቀር ጋለሪ ተጨመረበት፤ ሥዕል ሊያይ የመጣው ማሲንቆ ሰምቶ፣ ሊጨፍር የመጣው ሥዕል አይቶ ይወጣ ነበር። ያ ግቢ በ2024 ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ሐሳቡ ግን በዶዘር የሚነሣ አይመስለኝም።

እንግዲህ የቀጥታ ሙዚቃው ይቅር አልልም። «ሙዚቃ ሥዕሉን ይውጠዋል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ በዚያ ምሽት ባየሁት ግማሽ እውነት አላቸው። የሚውጠው ግን ቅደም ተከተሉ ሲበላሽ ነው። መጀመሪያ ሰዓሊው አሥር ደቂቃ ስለ ሥራው ይናገር፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ከዚያ ሙዚቀኛው ከሥዕሉ ፊት ሳይሆን ከተመልካቹ ጀርባ ይቀመጥ፤ ጆሯችን ወደ ኋላ ዓይናችን ወደ ፊት ይሆናል። አዝማሪ ከተገኘማ ሥዕሉን እያየ ግጥም ያውርድለት! ሰውን አይቶ በቅኔ የሚያወድስና የሚሸነቁጥ ሰው ሸራ አይቶ ምን እንደሚል መስማት የማይፈልግ አለ?

ክፍያውንም ላንሣ፣ ማንም ስለማያነሣው። ክራር ተጫዋቹ ያን ምሽት ያገኘው የቤንዚን ነው። «ብዙ ሰው ያይሃል» ተባለ፤ መታየት ኪራይ አይከፍልም። ሰዓሊውም ሥዕሉ ቢሸጥለት ከ1,800ው ግማሹ የጋለሪው ነው፤ የዚህ አገር የተለመደ አሠራር ነው፣ መብራቱንና ኪራዩን የሚችለው ጋለሪው ስለሆነ ክፉ አልለውም። ግን ለሸራና ለቀለም ያወጣውን፣ ያልነዳበትን ሰዓት ደምሩበት።

እኔ የማስበው ዕቁብ ነው። መኪና የገዛንበት፣ ሬስቶራንት የከፈትንበት፣ ዕቃ ያስመጣንበት ዕቁብ። አሥራ ሁለት ሰው በወር 150 ዶላር ቢጥል 1,800 ይሞላል። ዕጣ የወጣለት ገንዘቡን አይወስድም፤ የመረጠውን ሥዕል ይወስዳል። በዓመት አሥራ ሁለት ሥዕል፣ አሥራ ሁለት ሳሎን፣ 21,600 ዶላር ማለት ነው። ሰዓሊው ከጋለሪ ጋር ውል ካለው ግዢው በጋለሪው በኩል ይሁን፤ ከጀርባ መሄድ ደግ አይደለም። ዕጣው የሚወጣው ፌርፋክስ ላይ፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰኞ ማታ፣ ካንዱ ሬስቶራንት ውስጥ ሥዕሎቹ ተሰቅለው ይሁን። በነፍስ ወከፍ 15 ዶላር ጨምረን ደግሞ ለሙዚቀኛው 180 እንያዝለት፤ ሽልማቱ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ከዚያ በላይ ነው።

አንዳንዱ «ቤቴ የኪራይ ነው፣ ምስማር አያስመቱኝም» ይለኛል። ሳይበሱ የሚሰቅሉበት ተለጣፊ ማንጠልጠያ ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል።

እስካሁን አምስት ሰው ተመዝግቧል። ጸሐፊነቱን እኔ ይዣለሁ። ዳኛ እንዲሆኑልን ለነዚያ አባት ደወልኩላቸው፤ በዕቁብ ወግ የመጀመሪያው ዕጣ የዳኛው መሆኑን አስታወሱኝና ያ ጭስ ያለበት ሥዕል አለመሸጡን ጠየቁኝ።