እውነት ወይስ ተረት? የቢሮው የጋራ ፋይል በየትኛው ፕሮቶኮል ይከፈት?

ደልጊም ሆነ ባሕር ዳር፣ አምስት ስድስት ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ፋይል የሚለዋወጠው ብዙውን ጊዜ በፍላሽ ነው። ፍላሹ ከፋይሉ ጋር ቫይረሱንም ያዞራል፤ አንዱ ሪፖርትም በየኮምፒውተሩ የተለያየ ሆኖ ይቀራል። ከራውተር ጋር ተገናኝቶ ሁሉም የሚጋራው ማስቀመጫ፣ በተለምዶ ናስ የሚባለው፣ ይህን ጣጣ ያስቀራል። ሴቲንጉ ሲከፈት ግን ኤስኤምቢ፣ ኤንኤፍኤስ፣ ኤፍቲፒ የሚሉ የፕሮቶኮል ምርጫዎች ይደረደራሉ፤ ወሬውም ይበዛል።

ተረት 1፦ «ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም።»

እውነቱ፦ ፋይሉ የሚመላለሰው በቢሮው ራውተር ወይም ስዊች በኩል ነው፤ ከግቢ አይወጣም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ እንዲህ ያለ የውስጥ ኔትወርክን የሚያቆም ምክንያት አልነበረም። የሚያቆመው መብራት ነው። ፋይል እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ ለናሱ ብቻ ሳይሆን ለራውተሩም ጭምር።

ተረት 2፦ «ኤፍቲፒ ከሁሉም ይፈጥናል።»

እውነቱ፦ በትንሽ ቢሮ ፍጥነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስኑት ስዊቹና ኬብሉ ናቸው። ባለ 100 ሜጋቢት ስዊች በሴኮንድ ከ12 ሜጋባይት ብዙም አያሳልፍም፤ 6 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ባለ ጊጋቢት ስዊች ላይ፣ ዲስኩ ካላዘገየ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃል። በ1971 እ.ኤ.አ. የተወለደው ኤፍቲፒ ደግሞ ተጨማሪ ጥበቃ ካልተደረገለት ፓስወርዱን ሳይሸፍን ይልካል፤ ኔትወርኩን የሚያደምጥ ሰው ያነበዋል።

ተረት 3፦ «ኤስኤምቢ የቫይረስ በር ነው።»

እውነቱ፦ ችግሩ ያለው በአሮጌው ስሪት ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የገባው በዊንዶውስ ኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነበር፤ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው ግን ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤስኤምቢ 3 መረጃውን መሥጥሮ መላክ ይችላል። ኤስኤምቢ 1ን ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ስካነር ካለ፣ ለእሱ ሲባል ቢሮውን በሙሉ ከማጋለጥ ስካኑን በፍላሽ ማውጣት ይሻላል።

ተረት 4፦ «ለዊንዶውስ፣ ለሊኑክስ፣ ለማክ የየራሱን መክፈት ግድ ነው።»

እውነቱ፦ ኤስኤምቢን ሁሉም ያውቀዋል። አንድሩ ትሪጅል በ1992 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሳምባ የተባለ ፕሮግራም ሊኑክስን አስተምሮታል፤ አፕልም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከራሱ ፕሮቶኮል ከኤኤፍፒ ይልቅ ኤስኤምቢን አስቀድሟል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤንኤፍኤስ ለሊኑክስ ሰርቨሮች ጥሩ ነው። ነገር ግን በተለመደው አሠራሩ ስሪት 3 ፓስወርድ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተሩ የነገረውን የተጠቃሚ ቁጥር ያምናል። ስለዚህ ፈቃድ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው የገንዘብ ያዡን ቁጥር ይዞ ቢቀርብ የያዡ ፋይል ይከፈትለታል።

ተረት 5፦ «በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ናስ ላይ ይበላሻል።»

እውነቱ፦ ከኤስኤምቢ 2 ወዲህ የፋይል ስም የሚላከው በዩኒኮድ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል አይበላሽም። የሚያስቸግረው ርዝመቱ ነው። ዊንዶውስ ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል፤ በሊኑክስ የሚሠሩት አብዛኞቹ ናሶች ግን የሚቆጥሩት 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 85ኛው ላይ ያበቃል። «የጣቁሳ ወረዳ የሦስተኛ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም…» እያለ የሚረዝም ስም ኮፒ ሲደረግ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው፤ አሳጥሮ መሰየም ይበቃል።

ለትንሽ ቢሮ እንግዲህ ኤስኤምቢ 3 ይከፈት፣ ኤስኤምቢ 1 ይዘጋ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስምና ፓስወርድ ይሰጠው። ከቤት ሆኖ መግባት የሚፈልግ ካለ በቪፒኤን ይግባ፤ ኤስኤምቢ የሚጠቀምበት ፖርት 445 ለኢንተርኔት ፈጽሞ አይከፈትም። የትኛውም ፕሮቶኮል ግን በስህተት የተሰረዘን ፋይል አይመልስም፤ ባክአፕ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።