ስሙ ተሰርዞ አካሉ የቀረ ፋይል

የሕፃን ልጅ የክርስትና ዕለት ፎቶግራፍ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለች እናት ተናግራ የተቀዳ ድምፅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤት ካርታ ግልባጭ፣ የዕድር ሒሳብ፣ ይህ ሁሉ ቀድሞ በሣጥንና በአልበም ይጠበቅ የነበረው የቤተ ሰብ ቅርስ ዛሬ ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ ዲስክ ውስጥ ተጠቃሎ ስለሚኖር፣ ባለቤቱ አንድ ቀን ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ፎልደሩን ባዶ ቢያገኘው የሚደርስበት ድንጋጤ ለጠፋ ንብረት ከሚታዘነው ኀዘን ይልቅ ለሰው ከሚለቀሰው ልቅሶ የቀረበ ነው። በዚያች ሰዓት የሚያደርገው ነገር የጠፋው ይመለስ ወይም አይመለስ እንደ ሆነ ስለሚወስን፣ ፋይል ጠፋ በተባለ ጊዜ በእውነት የሚጠፋው ምን እንደ ሆነና ምን እንደሚቀር አስቀድሞ መረዳት ኮምፒዩተር ላለው ቤት ሁሉ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

በዲስክ ላይ የሚኖር ፋይል ሁሉ ስምና አካል አለው። አካሉ ፎቶግራፉን ወይም ጽሑፉን የሚያቆሙት ቍጥሮች ሲሆኑ፣ እነዚህም በቀደመው ልማድ 512፣ በአዲሶቹ ዲስኮች ደግሞ 4096 ባይት በሚይዙ ሴክተር በሚባሉ ክፍሎች ተከፋፍለው ይቀመጣሉ፤ ስሙ ግን ከአካሉ ተለይቶ፣ ፋይሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚፈጸም ከሚያመለክተው ጽሑፍ ጋራ፣ በሌላ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የገዳም ዕቃ ቤት ኀላፊ መጻሕፍቱን በየመደርደሪያው አኑሮ ስማቸውንና ቦታቸውን በአንድ መዝገብ እንደሚጽፍ ያለ ነው። ባለቤቱ ፋይሉን በሰረዘ ጊዜ ማሽኑ ወደ መደርደሪያው ሄዶ መጽሐፉን አያቃጥልም፤ መዝገቡን ገልጦ ስሙን ይሰርዛል፣ ቦታውንም ለሌላ የተፈቀደ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ፎልደሩን የሚከፍት ሰው የሚያየው መዝገቡን ብቻ ስለ ሆነ ፋይሉ የለም ይላል፤ አካሉ ግን ሌላ ፋይል መጥቶ በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ፣ ለአንድ ቀንም ሆነ ለዓመታት፣ ከነበረበት ሳይነቃነቅ ይቆያል።

ፋት በሚባለውና እስከ ዛሬ በፍላሽና በካሜራ ካርድ ላይ በሚሠራበት ሥርዓት ስረዛው ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ማየት ያስደንቃል፤ በመዝገቡ ከተጻፈው ስም የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ተነሥቶ በእርሱ ፈንታ የስረዛ ምልክት ይገባል፣ ክፍሎቹን የሚያያይዘው ሰንሰለትም ይፈታል፤ የቀሩት የስሙ ፊደሎች፣ የፋይሉ መጠንና የተነሣበት ቦታ ግን እንደ ተጻፉ ይኖራሉ። አሜሪካዊው ፒተር ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1982 የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ለማውጣት የቻለው ይህን ስላስተዋለ ነው፤ በ1991 ከኤም ኤስ ዶስ 5 ጋራ የመጣው አንዲሊት የተባለው ትእዛዝም የጠፋውን ፋይል ካገኘ በኋላ ባለቤቱን የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይጠይቀው ነበር። ዊንዶውስ በሐርድ ዲስክ ላይ የሚሠራበት ኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ በዋናው መዝገብ ላይ ስሙን እንኳ ሳይነካ፣ ቦታው ተይዟል የሚለውን ምልክት ብቻ ይለውጣል።

እንግዲህ ፋይል የጠፋበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እጁን መሰብሰብ አለበት የሚለው ሕግ የመጣው ከዚህ አሠራር ነው። ሰው ሲደነግጥ ግን የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ማሽኑን እያጠፋ ያበራል፣ ኢንተርኔት ከፍቶ መድኀኒት ይፈልጋል፣ ያገኘውንም ፕሮግራም ፋይሉ በጠፋበት በዚያው ዲስክ ላይ ይጭናል፤ ማሽኑ በተነሣ ቍጥርና ገጽ በተከፈተ ቍጥር ጊዜያዊ ፋይሎች በዲስኩ ላይ ስለሚጻፉም፣ ሊያድነው የሮጠለትን ፋይል በገዛ እጁ ይቀብረዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ቍጥሩ 1809 የሆነውን የዊንዶውስ 10 አፕዴት ባወጣ ጊዜ፣ የሰነድና የፎቶግራፍ ፎልደራቸውን ከተለመደው ስፍራ ወደ ሌላ አዛውረው የነበሩ አንዳንድ ሰዎች በቀድሞው ስፍራ የቀሩት ፋይሎቻቸው ተጠርገው ስላገኙ፣ ኩባንያው አፕዴቱን በጥቂት ቀናት ውስጥ አግዶ፣ ስሕተቱን አርሞ በኖቬምበር እንደ ገና አወጣው፤ ለተጎዱት ሰዎች የሰጠው ምክርም ማሽኑን በተቻለ መጠን ሳይጠቀሙበት እንዲደውሉለት ነበር።

ደግሞም ጠፋ የተባለው ሁሉ የተሰረዘ አይደለም። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያለው ፋይል ቦታ ለወጠ እንጂ ምንም አልሆነም። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ፍላሹን ይዞ ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ተማሪ፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቢያገኛቸው፣ የዓመት ድካሜ ጠፋ ብሎ ያዝናል፤ ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነተኞቹን ፎልደሮች የተሰወሩና የሲስተም ናቸው የሚል ምልክት አድርጎባቸው ይሸሽጋቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ ያንን ምልክት ማንሣት ሁሉን እንደ ነበረ ይመልሳል። ፍላሹ ቫይረስ አለበት ብሎ ያለ ምንም ምርመራ ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ፣ ቫይረሱ ያልፈጸመውን ጥፋት እርሱ ይፈጽመዋል፤ ይህ ልማድ ስንት ጥናትና ስንት የሠርግ ፎቶግራፍ እንዳስቀረ ሳስብ እጅግ ያሳዝነኛል።

በእውነት ለተሰረዘውና መዝገቡም ለተበላሸው ፋይል ግን ሌላ መንገድ አለ፤ በዚህ መንገድ ከሚሠሩት መካከልም ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬኒዬ ጽፎ ያለ ዋጋ ለዓለም የሰጠው ፎቶሬክ የተባለው ፕሮግራም ሊመሰገን የሚገባው ነው። የእርሱው ሥራ የሆነው ቴስትዲስክ የፈረሰውን የዲስክ ክፍፍልና መዝገብ ለመጠገን ይሞክራል፤ ፎቶሬክ ግን መዝገቡን ጨርሶ ትቶ፣ ዲስኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሴክተር በሴክተር እያነበበ፣ የፋይል አካል በራሱ የሚታወቅበትን ምልክት ይፈልጋል። የፋይል ዐይነቶችን የፈጠሩ ጠቢባን ለአብዛኛው ዐይነት የራሱ የሆነ መክፈቻ ስላደረጉለት፣ ጄፔግ የተባለው ፎቶግራፍ በ255፣ በ216 እና እንደ ገና በ255 ይጀምራል፤ ፒ ዲ ኤፍም የራሱን ስም ከፐርሰንት ምልክት ጋራ በራስጌው ይጽፋል፤ የዛሬው የዎርድ ሰነድ ደግሞ በዚፕ የታሸገ በመሆኑ፣ የዚፕን ሥርዓት የፈጠረው የፊል ካትዝ የስምና የአባት ስም መነሻ ፊደሎች በመጀመሪያው ላይ ታትመውበት ይገኛሉ፤ ካትዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣትነቱ ቢሞትም፣ በየቤታችን የምንጽፈው ደብዳቤ ሁሉ እስከ ዛሬ ማኅተሙን ይዞ ይዞራል። ፎቶሬክ እንደዚህ ያሉትን ምልክቶች ከ480 በላይ ለሆኑ የፋይል ቅጥያዎች ያውቃል፤ ከሚመረምረው ዲስክ ያነባል እንጂ በላዩ ምንም አይጽፍም፤ ያገኘውንም በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። በዚሁ ጥበብ የወንጀል መርማሪዎችም ይገለገላሉ፤ ፎርሞስት የተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም መጀመሪያ የተጻፈው በአሜሪካ አየር ኀይል የልዩ ምርመራ መሥሪያ ቤት ነው።

እንዲህ የተመለሰው ፋይል ግን አካሉን ይዞ ስሙን ጥሎ ይመጣል። የቀድሞው ስም በመዝገቡ ዘንድ ቀርቷልና፣ ፎቶሬክ አንዲት የላቲን ፊደልና የተገኘበትን የሴክተር ቍጥር ስም አድርጎ ይሰጠዋል፤ ፎልደሮቹም ቅደም ተከተላቸው ስለ ፈረሰ፣ የልጅ ፎቶግራፍ ከድረ ገጽ ከተራረፉ ብዙ ትንንሽ ሥዕሎች ጋራ ተደባልቆ ይገኛል። ካሜራው በፎቶግራፉ ውስጥ የጻፈው ቀንና ሰዓት ብዙ ጊዜ ስለሚተርፍ በእርሱ መደርደር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን ለማሽን የሚሰጥ አይደለም፤ ይህ የማን ሠርግ ነው፣ እኚህ አሮጊት ማን ናቸው የሚለውን የሚመልሱት የቤቱ ሰዎች ናቸው። በአማርኛ የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ፊደላችን የዓለም ፊደሎች በኮምፒዩተር ወደሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች በአሮጌው አሠራር የተጻፈው ጽሑፍ የራሱ ፎንት ካልተጫነ የላቲን ፊደልና የልዩ ልዩ ምልክት ድብልቅ ሆኖ ስለሚታይ፣ ብዙ ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ፎንቱ በተጫነ ጊዜ ግን ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ ይነበባል።

ይህ ጥበብ ወሰን አለው። አካሉ በዲስኩ ላይ በልዩ ልዩ ስፍራ ተበታትኖ የተጻፈ ፋይል መጀመሪያው ቢታወቅም ተከታዩ የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ ስለሌለ፣ ፎቶግራፉ እኩሌታው ጥርት ብሎ እኩሌታው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ሐርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ሕመሙ የአካል ነውና፣ ፕሮግራም እያስኬዱ ማድከም ያባብሰዋል፤ የዲስኩ አንባቢ ራስ ከሚዞረው ገበታ በላይ የሚንሳፈፈው ከአቧራ ቅንጣት እጅግ ባነሰ ርቀት ስለ ሆነ፣ በቤት ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን መክፈት ፈጽሞ አይገባም። ከሁሉ የሚከፋው ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው አዲሱ ዲስክ ነው። ትሪም በተባለውና ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሚሠራበት ትእዛዝ መሠረት፣ ማሽኑ ፋይሉ መሰረዙን ለዲስኩ ስለሚነግረው፣ ዲስኩም ለሚመጣው ጽሕፈት ለመዘጋጀት አካሉን ጭምር ስለሚጠርገው፣ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚነበብ ነገር አይተርፍም። ፍጥነቱን ወደነው የገዛነው ዲስክ የመጸጸቻ ጊዜ ይነሣናል።

በዚህን ጊዜ ፍለጋው ከዲስኩ ወጥቶ ግልባጩ ወደሚገኝበት መሄድ አለበት። ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ቶይ ስቶሪ 2ን ሲሠራ በተሳሳተ የስረዛ ትእዛዝ አብዛኛው ሥራ ጠፍቶ፣ መጠባበቂያውም እንደማይሠራ በታወቀ ጊዜ፣ ፊልሙ የተገኘው ጌሊን ሰስማን የተባለችው ባልደረባ ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራበት በነበረው ኮምፒዩተር ላይ ነው። የእኛም ቤተ ሰቦች ሳያስቡት እንዲህ ያለ ግልባጭ በየአገሩ በትነዋል፤ ለዋሽንግተን አክስት፣ ለዱባይ እኅት፣ ለቴል አቪቭ የአጎት ልጅ በቴሌግራምና በኢሜይል የተላከው ፎቶግራፍ በተቀባዩ ዘንድ ሊኖር ይችላል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን አሳንሶ ስለሚያስቀምጥ የሚመለሰው ከዋናው ጥራቱ ያነሰ ነው፤ እንደ ፋይል የተላከው ግን በሙሉ መጠኑ ይገኛል፤ በኢሜይል የተያያዘውም ላኪው ራሱ ከላካቸው መልእክቶች ዝርዝር ውስጥ ሊያወርደው ይችላል።