«ባለቅርጫት ሰው ማንሻ መኪና»፦ በአንድ የግዢ ሰነድ ትርጉም ላይ የተነሡ የስያሜ ጥያቄዎች

በሃይድሮሊክ ኃይል የሚንቀሳቀስ ረጅም ክንዱን ዘርግቶ፣ በክንዱ ጫፍ በተገጠመው ቅርጫት ውስጥ ሠራተኛ ይዞ ወደ ላይ የሚወጣው መኪና በአማርኛ እስከ ዛሬ የጸና ስም አላገኘም። የመንገድ መብራት ሲጠገንበት ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋበት ያየው ሰው አንዱ «ክሬን»፣ ሌላው «ሊፍት» ሲለው እንሰማለን፤ እንግሊዝኛ የቀመሰው ደግሞ «ባኬት ትራክ» ይለዋል። መኪናውን የሚያዝዙትና የሚረከቡት በእንግሊዝኛ የሚሠሩ መሐንዲሶች ብቻ ከሆኑ የስያሜው መዘበራረቅ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ነው። የሕንፃ መስተዋትና የውጭ ግድግዳ በማጠብ ሥራ የተሰማራ ድርጅት ያገለገለ መኪና ከባሕር ማዶ ለመግዛት ሲያስብ ግን የሻጩ ዝርዝር፣ የውሉ ረቂቅና የአጠቃቀሙ መመሪያ ወደ አማርኛ መመለስ ይኖርባቸዋል፤ ገንዘቡን የሚከፍለውም፣ ቅርጫቱ ላይ የሚወጣውም የሚያነበው አማርኛውን ነውና። በቅርቡ እንዲህ ያለ አንድ ረቂቅ ትርጉም አስተያየት እንድንሰጥበት ቀርቦልን ነበር። ተርጓሚው ብዙ የደከመው ለመኪናው ስም ነው። አሳሳቢዎቹ ጉድለቶች የተከማቹት ግን ማንም ሰው የታወቁ ናቸው ብሎ በሚያልፋቸው «ቁመት»፣ «ጭነት»፣ «ማሰር» በመሳሰሉት ቃላት ዙሪያ ሆነው አግኝተናቸዋል።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። እንግሊዝኛው መኪናውን በባልዲ ይሰይመዋል፤ በዕለታዊ ንግግርም የፍራፍሬ ለቀማን የሚያስታውስ «ቼሪ ለቃሚ» የሚል ቅጽል ስም አለው። ፈረንሳይኛው «ናሴል» ይላል፤ ቃሉ ከላቲን የወረደ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ትንሽ ጀልባ ነው፤ ኋላ በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ባሉን ሥር ለተንጠለጠለው የተሳፋሪዎች ቅርጫት መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያም ወደዚህ መኪና ተሻገረ። ጣሊያንኛው «ቼስቴሎ»፣ ማለትም ትንሽ ቅርጫት ይለዋል። ሦስቱም ለስያሜ የመረጡት ሰው የሚቆምበትን ክፍል ነው።

በረቂቁ ውስጥ የተጻፈው «የባልዲ መኪና» ለአማርኛ የሚስማማ አይደለም። ባልዲ በእኛ ዘንድ የውኃ ዕቃ ነው። የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ባልዲውን ይዞ ወደ ቅርጫቱ ስለሚገባ፣ መመሪያው በአንድ ስፍራ ላይ «ባልዲውን በባልዲው ውስጥ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ለማውጣት ተገዷል። «ባኬት» የሚለውን እንዳለ መውሰዱም አይረዳም፤ በግንባታ ቦታ ያሉ ኦፕሬተሮች ይህን ቃል አፈር ለሚዝቀው ለኤክስካቫተርና ለሎደር አካፋ አውለውታል።

አማርኛ ለተሽከርካሪዎች ስም ሲያወጣ የተከተላቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው የሚሠራውን ሥራ በማድረጊያ ቅጽል መናገር ነው፤ «ገልባጭ» እና «ተሳቢ» የተገኙት እንዲህ ነው፤ ሁለቱም «መኪና» የሚለውን ጥገኛ ሳይፈልጉ ራሳቸውን ችለው ቆመዋል። ሁለተኛው የዕቃውን ቅርጽ የሚናገረውን የባዕድ ቃል መውረስ ሲሆን፣ በርሜል ከሚል የጣሊያን ቃል የመጣው «ቦቴ» ለዚህ ምስክር ነው። የሕንፃው «አሳንሰር»ም ከፈረንሳይኛ መጥቶ አማርኛ መስሎ ኖሯል። ለያዝነው መኪና የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ዋናው ነገር መኪናው የሚያነሣው ዕቃን ሳይሆን ሰውን መሆኑ ነውና። ክሬን የዕቃ ማንሻ ነው። ሰው ማንሻ በተለየ የደኅንነት ደረጃ የሚሠራና የሚመረመር ሌላ መሣሪያ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ሰውን በክሬን መንጠቆ ላይ ለማንጠልጠል ምክንያት እስከ መሆን ሊደርስ ይችላል። «ሰው ማንሻ» ብቻውን ሲቆም ግን ፎቶግራፍ ማንሣትን የሚያስታውስ መሆኑን አንድ የሥራ ባልደረባችን በፈገግታ አመልክተውናል። ስለዚህ በሰነድ ላይ «ባለቅርጫት ሰው ማንሻ መኪና» እንዲባል፣ በንግግርም «ባለቅርጫት» ተብሎ እንዲያጥር ሐሳብ እናቀርባለን።

«የጭነት መኪና» የሚለውን ማስወገድ ከቋንቋ ያለፈ ምክንያት አለው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃዎች አመዳደብ የዕቃ ማጓጓዣ ተሽከርካሪዎች የሚመደቡት በቁጥር 87.04 ሲሆን፣ ለልዩ ተግባር የተሠሩት፣ ለምሳሌ የእሳት አደጋ መኪና፣ ክሬን የተገጠመለት መኪና፣ የመብራትና የኤሌክትሪክ መስመር መጠገኛ መውጫ ያለው መኪና የሚመደቡት በ87.05 ነው። በትርጉሙ ላይ የገባው «የጭነት» የሚል አንድ ቃል ገዢውን ከማይመለከተው የታሪፍ ክርክር ውስጥ ሊከተው ይችላል።

የክፍሎቹ ስም ብዙ አያስቸግርም። ቅርጫቱን የሚሸከመው «ክንድ» ነው። በመገጣጠሚያው የሚታጠፈው፣ ታጣፊ አልጋ እንደምንለው ሁሉ «ታጣፊ ክንድ» ይባል፤ አንዱ ከሌላው ውስጥ እየወጣ የሚረዝመው ደግሞ ሰይፍ ከአፎቱ እንደሚመዘዝ «ተመዛዥ ክንድ»። የውጭ ጽዳት ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ታጣፊው በረንዳና ዛፍ አልፎ ለመግባት ሲመች፣ ተመዛዡ ቀጥ ያለ ግድግዳ ለማጠብ ይመቻል። መኪናው እንዳይገለበጥ ወደ ጎን የሚወጡትን ድጋፎች ረቂቁ «ባላ» ብሏቸዋል። ቃሉ ያምራል፤ ነገር ግን ባላ ያዘመመን ነገር ከሥሩ ደግፎ የሚያቆም እንጂ የመቆሚያን ስፋት የሚጨምር አይደለም። ገዢው ማወቅ የሚያስፈልገው እግሮቹ ሲዘረጉ የሚይዙትን ስፍራ ስለ ሆነ «ተዘርጊ እግር» ይሻላል እንላለን።

አሁን ወደ ልኬቶቹ እንለፍ። የሻጩ ዝርዝር ሦስት ልዩ ልዩ ከፍታዎችን ሲሰጥ ረቂቁ ሦስቱንም «ቁመት» ብሏቸዋል። በአማርኛ «ቁመት» የቆመው ነገር የራሱ ልክ ነው፤ የሰው ቁመት፣ የቤት ቁመት እንደምንለው። «ከፍታ» ግን አንድ ነገር ከመሬት ያለውን ርቀት ይናገራል። ይህ ልዩነት በቋንቋው ውስጥ ካለ ተርጓሚው ሊጠቀምበት ይገባዋል። ክንዱ ታጥፎ መኪናው ሲጓዝ ያለው ልክ «የጉዞ ቁመት» ይባል፤ በድልድይ ወይም በሽቦ ሥር ማለፍ መቻሉን የሚወስነው እርሱ ነው። ክንዱ ሲዘረጋ የቅርጫቱ ወለል ከመሬት የሚርቀው «የወለል ከፍታ» ይባል። ሦስተኛው በቅርጫቱ የቆመው ሰው እጁ የሚደርስበት «የሥራ ከፍታ» ነው። ሦስተኛው በመሣሪያ የሚለካ ሳይሆን በልማድ የሚሰላ ነው፤ አሜሪካውያን የባለቅርጫት መኪና ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ በወለሉ ከፍታ ላይ 5 ጫማ ሲጨምሩ፣ በአውሮፓ የተለመደው ጭማሪ 2 ሜትር ነው። በመሆኑም ወለሉ 40 ጫማ ወይም 12.2 ሜትር የሚወጣ አንድ መኪና የሥራ ከፍታው በአሜሪካው ስሌት 13.7 ሜትር፣ በአውሮፓው 14.2 ሜትር ሆኖ ይነበባል። መኪናው አንድ ነው፤ የ50 ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት የተገኘው ከስሌቱ ነው። ከሁለት አህጉር ዋጋ የሚያወዳድር ገዢ ማነጻጸር ያለበት የወለል ከፍታውን መሆኑን ከትርጉሙ መረዳት አለበት። (የዚህ ዓይነቱ መኪና አገልግሎት ለመካከለኛ ሕንፃዎች ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውና 200 ሜትር ገደማ ርዝማኔ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትን የመሰለ ሕንፃ ከላይ በሚወርድ መሣሪያ እንጂ ከመንገድ በሚዘረጋ ክንድ አይታጠብም።)

ከስሞቹ ይልቅ ያስደነቀን አንዲት መስተጻምር ናት። ረቂቁ «ክንዱ ወደ ላይ 13.7 ሜትርና ወደ ጎን 8 ሜትር ይደርሳል» ይላል። በአማርኛ «ና» የሚያገናኛቸው ሁለት ነገሮች አብረው የሚሆኑ መስለው ይታያሉ፤ አንባቢው ክንዱ 13.7 ሜትር ላይ ሆኖ 8 ሜትር ወደ ጎን የሚርቅ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ክንዱ እጅግ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ጎን የሚርቀው ጥቂት ነው፤ ወደ ጎን እጅግ የሚርቀውም ዝቅ ሲል ነው። ከአጥርና ከአትክልት ወዲህ ቆሞ የሕንፃን የላይኛውን ፎቅ ለማጠብ ያሰበ ድርጅት በዚች «ና» ምክንያት ለሥራው የማይሆን መኪና ሊገዛ ይችላል። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ወደ ላይ ቢበዛ 13.7 ሜትር ይደርሳል፤ ወደ ጎን ቢበዛ 8 ሜትር ይደርሳል፤ ሁለቱ ልኮች በአንድ ጊዜ አይገኙም፤ የሥራ ክልሉን ሥዕል ተመልከት።»

«ጭነት» የሚለውም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሰው የተሠራ ቅርጫት የሚሸከመው ክብደት በአሜሪካ ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ 350 ወይም 400 ፓውንድ ሆኖ ይገኛል፤ የኋለኛው 181 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ረቂቁ «የቅርጫቱ ጭነት 181 ኪሎ» ሲል፣ አማርኛ አንባቢ ጭነት የሚለውን ከሰውየው ሌላ የሚጨመር ዕቃ አድርጎ ቢረዳው ሊወቀስ አይችልም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሠራተኛ በዚህ አነባበብ 181 ኪሎ ዕቃ ይዞ ቢወጣ ክንዱ ላይ የሚያርፈው 261 ኪሎ ነው። በልኩ ከተነበበ ግን ለዕቃው የሚቀረው 101 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውኃ ብቻውን 40ውን ይወስዳል። ስለዚህ «ቅርጫቱ እንዲሸከም የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት፣ ሰውን፣ መሣሪያንና ውኃን ጨምሮ» ተብሎ በሙሉ እንዲጻፍ እንመክራለን። ይረዝማል ለሚሉን፣ መርዘሙን እናውቃለን እንላቸዋለን።

ከሁሉም የከበደው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ከኤሌክትሪክና ከስልክ ኩባንያዎች አገልግለው የወጡ መኪናዎች ለጽዳት ሥራ ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክን የሚያግድ ክንድ ያላቸው፣ አንዳንዶቹ የሌላቸው ናቸው። ረቂቁ የመጀመሪያውን ዓይነት «ኤሌክትሪክ የማይዘው ቅርጫት» ብሎታል። አገላለጹ ውብ አማርኛ ነው፤ «ኤሌክትሪክ ያዘው» ስንል የምንናገረው ግን ስለ ሰው ነው፤ በመሆኑም ቃሉ በውስጡ ለቆመው ሠራተኛ የገባለት ዋስትና ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። በመጀመሪያ ነገር ቅርጫቱ ከፋይበርግላስ መሠራቱ ብቻውን መኪናውን ኤሌክትሪክ የሚያግድ አያሰኘውም፤ የሚያግደው የክንዱ ክፍል ነው፤ ኤ92.2 በተባለው የአሜሪካ ደረጃ መሠረትም በየጊዜው በከፍተኛ ቮልቴጅ መፈተሽ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ቢያግድም እንኳ ኤሌክትሪኩ በክንዱ አልፎ ወደ መሬት እንዳይወርድ ይከለክላል እንጂ ሁለት ሽቦዎችን በአንድ ጊዜ የነካን ሰው አያድንም። ሦስተኛ፣ የረጠበና የቆሸሸ ክንድ የማገድ ችሎታው ይቀንሳል፤ ለሚያጥብ ሰው ደግሞ ርጥበትና ቆሻሻ የዕለት ሥራው ናቸው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለኤሌክትሪክ ሥራ ያልሠለጠነ ሰው እስከ 50 ሺህ ቮልት ከሚደርስ የአየር ላይ መስመር ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም ከ3 ሜትር ጥቂት ከፍ ባለ ርቀት እንዲቆይ ያዛል፤ መስተዋት አጣቢውም የሚቆጠረው ከእነዚህ ነው። እኛ «ኤሌክትሪክ የሚያግድ ክንድ፤ እስከ ይህን ያህል ቮልት፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸበት ቀን» የሚል አጻጻፍ እንመርጣለን፤ ቀኑ ካልታወቀ «የሚያግድ» የሚለው ቃል ከትርጉሙ ይውጣ። «ፍተሻ» ዛሬ የሕንፃ በር ላይ ያለውን ብርበራ ቢያስታውስም ከ«ሙከራ» ይልቅ ተስማሚ ነው፤ በዓይን ለሚደረገው «ምርመራ» ይበቃል።

መመሪያው ሠራተኛው የደኅንነት ቀበቶውን እንዲያስር ሲያዝ ረቂቁ «ራሱን ይሰር» ብሎ አቁሟል። ከምን ጋር? በአማርኛ «አሰረ» የሚታሰርበትን ካልጠቀሰ ጎደሎ ነው፤ ሠራተኛው ቀበቶውን ከሕንፃው ብረት ጋር ቢያስር ትእዛዙን እንደ ፈጸመ ይቆጥረዋል። ክንዱ በተንቀሳቀሰ ጊዜ ግን ቅርጫቱ ይሄዳል፤ እርሱ ከሕንፃው ጋር ይቀራል። የአሜሪካው ደንብ ከአጠገብ ካለ ምሰሶ ወይም ግንብ ጋር መታሰርን በግልጽ የሚከለክለው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ከክንዱ ወይም ከቅርጫቱ ጋር ይታሰር፤ ከሌላ ነገር ጋር መታሰር ክልክል ነው» መባል አለበት።

የቀረው ዕድሜውን የሚመለከተው ነው። «ያገለገለ» የሚለው ቃል «አሮጌ» ከማለት የተሻለ ጨዋነት አለው፤ ምን ያህል እንዳገለገለ ግን አይናገርም። ይህ መኪና ቆሞ በሚሠራበት ጊዜ ሞተሩ እየዞረ ፓምፑን ስለሚያንቀሳቅስ፣ የሄደው ኪሎ ሜትር ጥቂት ሆኖ ሞተሩ ብዙ የደከመ ሊሆን ይችላል። በትርጉሙ «የተጓዘው ኪሎ ሜትር» እና «ሞተሩ የሠራበት ሰዓት» በሁለት መስመር ተለይተው ይጻፉ፤ ሻጩ ሁለተኛውን ካልሰጠ መስመሩ ሳይሰረዝ «በሻጩ አልተገለጸም» የሚል ይጻፍበት።