ለትናንሽ ክሊኒኮች፦ ተቆጣጣሪ ሳይመጣ መዝገብ ይዘጋጅ

በገሱባም ሆነ በሌሎች የወላይታ ከተሞች የግል ክሊኒክ ለሚከፍት ባለሙያ የመጀመሪያው ጭንቀት የጤና ፈቃድ ነው። ክፍሉ ተሟልቶ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ክሊኒክ የሥራ ቦታም ነው። አንድ ነርስ፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛና አንድ ጥበቃ የቀጠረ ባለቤት በሕግ ፊት አሠሪ ነው። የሠራተኞቹ ማነስም ሆነ ዝምድና ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፃ አያወጣውም።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መታወቂያውን ይዞ፣ ቀድሞ ሳያስታውቅ፣ በሥራ ሰዓት መግባት ይችላል። ሠራተኛ ያነጋግራል፣ ሰነድ ይመረምራል፣ ቅጂም ይወስዳል።

መጀመሪያ የሚፈለገው የቅጥር ውል ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን ሲኖርበት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

ሁለተኛው የሰዓትና የክፍያ መዝገብ ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ሕጉ በፈቀዳቸው ምክንያቶች ብቻ፣ በቀን ከ4 በሳምንትም ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ ይሠራል። ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት በስሌቱ ላይ ነው። ለምሳሌ የሰዓት ደመወዟ 40 ብር የሆነ ነርስ መደበኛ ሥራዋን ጨርሳ ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ብትቆይ፣ እስከ 4 ሰዓት ያለው በ1.5፣ ከዚያ በኋላ ያለው በ1.75 ተባዝቶ 260 ብር ይደርሳታል። በመደበኛው ዋጋ 160 ብር ብቻ የከፈለ ባለቤት 100 ብር ዕዳ አለበት። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወይም በትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዙ ነው።

አራተኛው በክሊኒክ ውስጥ ከሁሉም የከፋው አደጋ ነው። ያገለገለ መርፌ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል። ቆሻሻ የምታነሳው የጽዳት ሠራተኛም ልትወጋ ትችላለች። ወፍራም ጓንት፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ የሚዘጋ የመርፌ ሣጥን፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና የአደጋ መመዝገቢያ ደብተር ያስፈልጋሉ። የደረሰ አደጋም ለተቆጣጣሪው አካል ይገለጻል።

ለዚህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ማኅደር፣ ለክሊኒኩም አንድ የሰዓት መቆጣጠሪያ ደብተር ይበቃል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የተሰናበተ ሠራተኛ ከስሶ ክርክር ቢነሣ፣ የተፈረመ ወረቀት የሌለው ባለቤት የከፈለውን እንኳ ማስረዳት ይቸግረዋል።