የዓሣ መጠለያዎችና የጎርፍ ፈተና

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኦሪጎንና በዋሽንግተን ግዛቶች፣ የሳልሞን ዓሣ ከውቅያኖስ ተነሥቶ ወደ ተወለደበት ጅረት ይመለስና እንቁላሉን በጠጠር ውስጥ ይቀብራል፤ የሚፈለፈሉትም ጫጩቶች ከኃይለኛ ውሃ የሚሸሸጉበት ጥልቅና የረጋ ኩሬ ያስፈልጋቸዋል። ብዙውን ጊዜ ይህን ኩሬ የሚፈጥረው ወደ ጅረቱ የወደቀ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ውሃው ግንዱን ተሻግሮ ሲወርድ የጅረቱን ወለል ይቦረቡራል፣ ከግንዱ በላይም ጠጠር ይከማቻል። ይሁን እንጂ የዳርቻው ዛፎች ለጣውላ በመቆረጣቸው፣ በውሃው ውስጥ የነበሩት ግንዶችም የዓሣን መንገድ ይዘጋሉ ተብሎ በመጠረጋቸው፣ ብዙ ጅረቶች ከመጠለያ ተራቆቱ። ጉድለቱን ለመሙላት ባለሙያዎች ግንድና ቋጥኝ በየጅረቱ አኖሩ፤ ጥቂት የማይባለውንም በብረት ገመድ አሰሩት።

ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ፍሪሰልና ሪቻርድ ናዋ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ የመመላለሻ ጊዜው ከ2 እስከ 10 ዓመት የሆነ ጎርፍ ካለፈ በኋላ፣ በ15 ጅረቶች የሚገኙ እንዲህ ያሉ 161 ግንባታዎችን መረመሩ። የመመላለሻ ጊዜ ማለት ጎርፉ በቀጠሮ የሚመጣበት ዓመት ሳይሆን የመከሰት ዕድሉ መለኪያ ነው፤ የ10 ዓመት ጎርፍ በየትኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከ10 አንድ ነው። የጅረቶቹ መካከለኛ ቁጥር (ሚዲያን) ሲወሰድ 18.5 በመቶ የሚሆኑት ግንባታዎች ፈጽሞ ከሽፈው ተገኙ፤ አገልግሎታቸው የተጓደለው ሲታከልበት ጉዳቱ 60 በመቶ ደረሰ።

በአንጻሩ ብሬት ሮፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ ከ5 ዓመት በላይ የመመላለሻ ጊዜ ያለው ጎርፍ በደረሰባቸው 94 ጅረቶች 3,946 ግንባታዎችን አይተው፣ ከቦታቸው ተጠርገው የተወሰዱት ከ20 በመቶ በታች መሆናቸውን ገለጹ።

ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም የመለኩት ነገር የተለያየ ነው፤ ሁለተኛው ጥናት ግንዱ በቦታው መኖሩን ሲጠይቅ፣ የመጀመሪያው ሥራውን መሥራቱን ጭምር ጠይቋል። ግንዱ ሳይነቃነቅ በደለል ሊቀበር፣ ወይም ጅረቱ ዳርቻውን ሸርሽሮ በሌላ በኩል ሊሄድና በደረቅ መሬት ሊተወው ይችላልና፣ በቦታው መጽናቱ ብቻ ለዓሣው መጠለያ መሆኑን አያረጋግጥም።

የጥፋቱም ምክንያት በግንባታው ንድፍ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። በሮፐር ጥናት በትልልቅ ጅረቶች የተሠሩት የመወሰድ ዕድላቸው ከትንንሾቹ 20 እጥፍ ነበር፤ ፍሪሰልና ናዋም ጉዳቱ የበረታው ተፋሰሳቸው በቅርቡ በተጎሳቆለ፣ ደለል በበዛባቸውና መሄጃቸውን በሚቀያይሩ ጅረቶች መሆኑን አሳይተዋል። ተራቁቶ የሚንሸራተት ተዳፋት አፈሩን ከጎርፉ ጋር እየላከ የታችኛውን ኩሬ ይደፍናል፤ ገመዱን ማጥበቅ ይህን አያስቆምም።

ስለዚህ የግንባታው ዋስትና ከጅረቱ በላይ ባለው ተዳፋትና በዳርቻው ባለው ደን ላይ ነው። ተዳፋቱ ሲያገግምና የዳርቻው ዛፍ አርጅቶ እስኪወድቅ ሳይቆረጥ ሲጠበቅ፣ አንዱን ግንድ የወሰደው ጎርፍ ሌላውን ያመጣል፤ ሳልሞንም ከጎርፍ ጋር አብሮ የኖረው በዚህ ዓይነቱ መተካካት ነው።