የሽንት ቤት ብሩሽም ይታጠባል

ቤት በመጥረጊያ ይጠረጋል። ሽንት ቤት በብሩሽ ይፈገፈጋል። ብሩሹንስ ማን ያጥበዋል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የልጆቻችን ጤና ያለበት ጥያቄ ነው።

አንዳንድ ሰው «ስለ ሽንት ቤት በጋዜጣ ይጻፋል ወይ? ያሳፍራል» ይል ይሆናል። አባቶች ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስለዚህ ሳናፍር እንነጋገር።

ጉድጓድ መቆፈር የሥራው ግማሽ ነው

ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ ብዙ ቤተሰብ ሽንት ቤት ቆፍሯል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሽንት ቤት ማስቆፈርን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል። ቆፍሮ መተው ግን አይበቃም። ሽንት ቤቱ ከቆሸሸ ሰው አፍንጫውን ይዞ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ሕፃናት ይፈሩታል። ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ሽንት ቤት መግባት ይጠላሉ። ያን ጊዜ የተቆፈረው ጉድጓድ፣ የፈሰሰው ላብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ወለሉ እንጨትና ጭቃ ለሆነ ሽንት ቤት ውሃ ማብዛት አያስፈልግም። መጥረጊያና የቀዘቀዘ አመድ ይበቃዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ግን ብሩሽ ያሻዋል። እንዲህ ያለው በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ እንዲሁም ልጆቻችን ለትምህርት ደብረ ታቦር ወርደው ቤት በሚከራዩበት ግቢ ይገኛል። በኪራይ ግቢ አንዱን ብሩሽ ብዙ ሰው ይይዘዋል። ብሩሹ ካልታጠበ የአንዱ በሽታ የሁሉም ይሆናል።

በብሩሹ ላይ ምን አለ?

በዓይን የሚታየው ቆሻሻ ብቻ አይደለም። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንም አሉ። ተቅማጥ፣ ኮሌራና ወስፋት በሰው ዓይነ ምድር ይተላለፋሉ። ብሩሹን የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ ቢቆርስ፣ ሕፃን ቢያጎርስ፣ በሽታው ወደ ሆድ ይገባል።

ኮሌራ ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር፣ በቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ የጸበል ቦታ ተነሥቶ ነበር። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ንጹሕ ውሃና ሽንት ቤት ሲጎድል ኮሌራ በፍጥነት ይዛመታል።

የዓይን ማዝም (ትራኮማ) ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 100 ሕፃናት ውስጥ ከ60 በላይ የሚሆኑት ይህ በሽታ ነበረባቸው። በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የምታዛምተው ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ አይመቻትም። እንግዲህ ሽንት ቤትን ንጹሕ ማድረግ ማለት ሰው ሜዳ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ይህም የልጅን ዓይን ማዳን ነው።

ብሩሽና ማስቀመጫው እንዴት ይጸዳሉ?

1. በመጀመሪያ በግራም በቀኝም እጅ ጓንት አጥልቁ። ጓንት ከሌለ ያልተቀደደ ፌስታል እጃችሁ ላይ እሰሩ።

2. ብሩሹን ሽንት ቤቱ ቀዳዳ ላይ ይዛችሁ ውሃ አፍስሱበት። የተጣበቀውን ቆሻሻ በእንጨት አራግፉ።

3. በሳሙና ውሃ አጥቡት። ይህን አትዝለሉ። ቆሻሻ ባለበት በረኪና ኃይሉን ያጣል። ደግሞም የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በረኪና በቀላሉ አይገድለውም። ታጥቦ መወገድ አለበት።

4. በአሮጌ ባልዲ 1 ኩባያ በረኪና ከ9 ኩባያ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ይህ ልክ በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ ለተጻፈ በረኪና ነው። ቁጥር ማንበብ ተምረናልና ጠርሙሱን እናንብብ።

5. ብሩሹን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት። ሰዓት የሌለው ሰው ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ እስኪፈላ ይጠብቅ።

6. ማስቀመጫውንም እንደዚሁ አጥባችሁ በዚያው ውሃ ሙሉት። ማስቀመጫ የሚረሳ ዕቃ ነው። ከብሩሹ የሚንጠባጠበው ውሃ የሚጠራቀመው ግን እዚያ ነው። የታጠበ ብሩሽ በቆሸሸ ማስቀመጫ ውስጥ ቢቆም ልፋቱ ሁሉ ባዶ ነው።

7. ሁለቱንም በውሃ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አድርቁ። በክረምት ፀሐይ ከጠፋ ነፋስ በሚያገኝበት በጣሪያ ጥግ ሥር ስቀሉት። እርጥብ ብሩሽ አይከደንም።

ብሩሹ በየጊዜው ከተሠራበት በኋላ ይለቅለቅ። በበረኪና ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ይዘፍዘፍ። በቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ በየቀኑ ይሁን። ፀጉሩ የረገፈ ብሩሽ ይጣል።

ማስቀመጫ ከቤት ይሠራል

ማስቀመጫ ለመግዛት ገበያ መውጣት ግድ አይደለም። አሮጌ ጀሪካን ከወገቡ ቆርጦ፣ ሥሩን በጋለ ምስማር 5 ወይም 6 ቦታ መብሳት ይበቃል። ውሃው ሲወርድ ብሩሹ ይደርቃል። ከሥሩ ጠጠር ቢደረግ ይበልጥ ይሻላል። ለመጠጥ ውሃ የሚሆን ጀሪካን ጋር እንዳይምታታ ምልክት ይደረግበት። የሽንት ቤት መጥረጊያም ከቤት መጥረጊያ ይለይ።

ተጠንቀቁ!

በረኪናን ከሎሚ፣ ከአቸቶ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ሽንት የተጠራቀመበት ዕቃ ውስጥም አታፍስሱት። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። የተቀላቀለው ውሃ ለነገ አያገለግልም፤ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ብሩሹ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ወደ ጉድጓዱ ድፉት፤ ጥቂት ስለሆነ አይጎዳም። በረኪናን በብዛት ጉድጓድ ውስጥ መገልበጥ ግን ዓይነ ምድርን የሚያበሰብሱትን ተሕዋስያን ይገድላል። ያን ጊዜ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል።

«በረኪና ከየት ይምጣ?»

ጤና ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገጥማታል፤

— ልጄ፣ አንቺስ እውነትሽን ነው። ለጨው የሚሆን ሳንቲም ሳይኖረን በረኪና ከየት ይምጣ?

— እማማ፣ በረኪና ከሌለ ብሩሹን በሳሙና አጥበው የፈላ ውሃ ያፍስሱበት። የወስፋትን እንቁላል የሚገድለው የፈላ ውሃ ነው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። አመድም ቅባትና ሽታ ያነሣል፤ ግን ተሕዋስያንን ሁሉ ይገድላል ብለው አይመኑት። ከበረኪና ጋርም አይቀላቅሉት፤ ኃይሉን ያደክመዋል።

— ውሃውስ? ምንጩ ሩቅ ነው።

— ልብስ ያጠቡበት የሳሙና ውሃ አይደፋ። ለመጀመሪያው እጥበት ይሆናል።

ይህ ቀልድ አይደለም። በ1839 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም፣ በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል በአንድ ወር ከ100 ወላዶች ወደ 18 ያህሉ ሞተውበት ነበር። ሐኪሞች ከሬሳ ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባደረገ በጥቂት ወራት ውስጥ ሟቾቹ ከ100 ወደ 2 ገደማ ወረዱ። በረኪናም ኃይሉ ከዚሁ ክሎሪን ነው።

ሥራው የማን ነው?

ሽንት ቤት ሁሉም ይገባበታል። ጽዳቱ ግን በእናትና በሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ውሃ ከምንጭ ተሸክማ የመጣችው እርሷ፣ የምትፈገፍገውም እርሷ! ይህ ፍርድ አይደለም። ሞፈር የሚይዝ እጅ ብሩሽም ይይዛል። በቤት ተራ ይውጣ፤ ተራውም በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል የተቆጠረው ለፊርማ ብቻ አልነበረም። ያነበቡትን በቤትና በእርሻ ሥራ ላይ ለማዋል ጭምር ነበር።

ብሩሹን ካጸዱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ አይዘንጋ። ሳሙና ካልተገኘ በአመድና በውሃ ይታጠቡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ጎረቤት ሁሉ ካልተባበረ የአንድ ቤት ጽዳት ብቻውን በሽታን አያቆምም።

የቃላት ፍቺ
ተሕዋስያን — በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች።
መዘፍዘፍ — በውሃ ውስጥ ነክሮ ማቆየት።
በረኪና — ተሕዋስያንን የሚገድል፣ ሽታው የሚሰነፍጥ ፈሳሽ።

አንብባችሁ ተወያዩ
1. ብሩሽ በበረኪና ከመዘፍዘፉ በፊት በሳሙና የሚታጠበው ለምንድን ነው?
2. 2 ኩባያ በረኪና ቢኖራችሁ ስንት ኩባያ ውሃ ትጨምራላችሁ?
3. በቤታችሁ ሽንት ቤት የሚያጸዳው ማን ነው? ተራ ለማውጣት ምን ያግዳችኋል?